ለጊዜው የታሰረ ሽቦ

ወልድያ በነበረው የመንግሥት ጋራዥ ረዳት ኤሌክትሪሺያን ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ አለቃዬ አቶ ካሳ እጄን ገልብጠው አዩና «ይኼ እጅ የለመደው ብዕር ነው» አሉኝ። ከዚያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት የመሞከሪያ አምፖል ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ የተሳቢ ሶኬት በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ዋልሁ።

በሦስተኛው ዓመት ዋና ሠራተኛ ተባልሁ። ጎበዝ ስለሆንሁ አይደለም፤ ከእኔ የሚበልጡት ለዘመቻ ስለተወሰዱ ነው።

የተሳቢ መብራት በሽታው ብዙ ነው። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዚያ መኪናውና ተሳቢው የሚገናኙበት ሶኬት ይታያል። አንድ መብራት ብቻ ከጠፋ አምፖሉን ጠርጥር። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ማሳውን፣ ማለትም የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ መመለሻ የሆነውን ሽቦ ፈልግ። በመንጠቆው በኩል ኤሌክትሪክ ይመለሳል ብለህ አትመን፤ መንጠቆው ዝገትና ግራሶ ነው።

ጋሽ ሁሴን የግራና ሰው ነበሩ፤ ከወልድያ መጋዘን ወደ ሀብሩ፣ መርሳ ከተማ፣ የእርዳታ እህል በባለተሳቢ መኪና ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን የተሳቢያቸው መብራት በሙሉ ጠፍቶ መጡ። ከሥሩ ገብቼ ሳይ የማሳው ሽቦ ተበጥሷል። እንዲህ ያለው በስታኞ፣ ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው እርሳስ፣ መበየድ አለበት፤ ስታኞ ግን ከጋራዡ ካለቀ ወር አልፎታል።

«ተሳቢውን እዚሁ ይተዉት፣ ጋሽ ሁሴን» አልኋቸው።

«መርሳ ላይ እህሉን የሚጠብቅ ስንት ነፍስ አለ! ለጊዜው እሰርልኝ። አብሽር፣ ስመለስ ትበይደዋለህ።»

ሽቦውን ጠምዝዤ በሚጣበቅ ናስትሮ ጠቀለልሁት። ስሞክረው ሁሉም በራ። በሥራ ካርዱ ላይ «የማሳ ሽቦ ለጊዜው ታስሯል፤ መበየድ ያስፈልገዋል፤ ሾፌሩ ተነግሮታል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

የዚያን ዕለት ወደ ማምሻው፣ መርሳ መዳረሻ ላይ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ከኋላ ይከተል የነበረ የወታደር መኪና መብራት የሌለውን ተሳቢ ሳያየው ገባበት። ሁለት ወታደሮች ሞቱ።

በማግስቱ እንድመረምር ወደ መርሳ ወሰዱኝ። ጋሽ ሁሴን የፊጥኝ ታስረው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ሽቦውን ሆን ብሎ ነው የቆረጠው፤ አሻጥር ነው» አለኝ ምርመራውን የያዘው ካድሬ።

ከተሳቢው ሥር ገባሁ። የጠመዘዝሁት ሽቦ ላልቶ ተላቋል፤ ናስትሮው ውሃ ጠጥቶ ተንጠልጥሏል። የገዛ እጄን ሥራ ማን ይነግረኛል!

«ሰው አልቆረጠውም፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ለቆ ነው» አልሁ።

«ማን ነው ያሰረው?»

የእጄን ግራሶ በሱሪዬ ጠረግሁ። «አላውቅም።»

ጋሽ ሁሴን ቀና ብለው አዩኝ። «ጓድ፣ ወልድያ ጋራዥ ነው የተሠራልኝ፤ ወላሂ፣ ካርድ አለው፤ ካርዱን ተመልከቱት» አሉ። ስሜን አልጠሩም።

ካድሬው ካርዱ በማግስቱ እንዲቀርብ አዘዘ፤ የሚያመጣውም እኔው ሆንሁ። ወልድያ እንደደረስሁ ካርዱን ከፋይሉ አወጣሁ፤ ቀዳድጄ የተቃጠለ ዘይት በተጠራቀመበት በርሜል ውስጥ ጨመርሁት። አቶ ካሳ «ካርዱስ?» አሉኝ። «አልተጻፈም» አልኋቸው። ውሸቴን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን የልጆች አባት ነበሩና ዝም አሉ። እኔ ልጅም አልነበረኝም፤ ፈሪ ብቻ ነበርሁ።

ካርድ ስላልቀረበ ጋሽ ሁሴን በአሻጥር ተከሰው ሁለት ዓመት ታሰሩ። ሲወጡ ቀኝ እግራቸው አልታጠፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። ግራና ገበያ ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ካርዱን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር የጻፍህበት?»

ቃል በቃል ነገርኋቸው።

«ይኼማ ሁለታችንንም ለማዳን ይበቃ ነበር» አሉና ክንዴን ለቀቁት።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። የተሳቢ ማሳ ሽቦ ካልተበየደ አልተሠራም፤ ስታኞ ከሌለ ተሳቢው ይቁም። የሠራችሁትን ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም አትቅደዱ።