የማናችንም ያልሆነ ቋንቋ

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ሁመድ አፋር ነው፤ የምንኖረው ሰመራ ነው። ስንዋደድ በየትኛውም ቋንቋ እንግባባለን። በአማርኛ ስንጣላ ግን ሁሌም የምረታው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ይሄ ነገር መረረውና፣ "ከእንግዲህ የምንጨቃጨቀው የማናችንም ባልሆነ ቋንቋ ነው" አለኝ። ለካ ሰው ሁሉ በቀላሉ እንዲማረው ታስቦ የተፈጠረ፣ ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ ስልኩ ላይ አግኝቶ ኖሯል።

"ወላሂ በእሱም እረታሃለሁ!" አልኩትና አብረን ተማርን። እውነትም ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ጠብ ለመምጣት ብዙም አልቆየም። እናቱ ከአሳይታ ሊጠይቁን መጥተው አጠገባችን ተቀምጠዋል። ሁመድ እሳቸው እንዳይሰሙት በአዲሱ ቋንቋ፣ "ቤታችንን ነቅለን አሳይታ እናቴ ጋ እንግባ" አለኝ። ስንት የለፋሁበትን ሱቄን ዘግቼ? ንዴቱ ሲመጣብኝ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋና አንዲት ቃል ብቻ ቀረችኝ።

"ኔ!" አልኩት።

ረጋ ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። "ኔ!" ለመነኝ። "ኔ!" ሲቆጣ ደግሞ ብድግ ብዬ፣ "ኔ! ኔ!" አልኩት።

አማቴ ግራ ገብቷቸው፣ "ልጄ፣ ምነው እኔ እኔ አበዛሽ?" አሉኝ።

"'እኔ' አይደለም እማ፣ 'ኔ' ነው። አይሆንም ማለት ነው።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

አፈርኩ፤ ግን አልደበቅኳቸውም። "አሳይታ ሄደን እርስዎ ቤት እንኑር እያለኝ ነው።"

አማቴ ደንገጥ አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣

"ኔ!" አሉት።