እትዬ የሺ የተሸከመችው ድንጋይ

ባለፈው ክረምት ለብርድ የምለብሰውን ባና አጥር ላይ ረስቼው ዝናብ አገኘው። ሲነጋ ላስገባው ስጠጋ የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጆቼ በዚህ ሽታ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ግን ያደግሁበት የሞላሌው ጓሯችን ትዝ አለኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ እትዬ የሺ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ባና ስትረግጥ ታየችኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ገና ልጅ ነበርኩ። ቤታችንን ከቤቷ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነበር። እትዬ የሺ ሸማኔ ሠርቶ ያወረደውን ባና ከየቤቱ ተቀብላ፣ በሙቅ ውሃ ነክራ፣ በእግሯ እየረገጠች ታጠብቃለች። ባና ብርድ የማያሳልፈው እንዲያ ሲረገጥ ነው። ባሏ አያ ተክሌ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለገና ጨዋታም የሰፈሩ አለኝታ ነበር። ቆልማማው የገና ዱላው ከበሩ በላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ቅዳሜ ከገበያ አረቄውን ጠጥቶ ሲመለስ ግን ይወርዳል።

ሁሉም ነገር ይሰማን ነበር። መጀመሪያ ዱላው፣ ቀጥሎ ጩኸቷ፣ ከዚያ እሷ ከመሬት ስትላተም። አባቴ በዚያ ሰዓት ዳዊቱን ገልጦ ጮክ ብሎ ይደግም ነበር። ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እሑድ ጠዋት ከንፈሯ ተሰንጥቆ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ፣ «እንቅፋት መታሽ?» ይሏታል። እሷም፣ «አዎ፣ እንቅፋት ነው» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ የፊት ጥርሷን አወለቀና ሆዷን ረገጣት። በሆዷ የነበረው ልጅ ወረደ።

ከተኛችበት መደብ ስትነሳ ሌላ ሴት ሆና ተነሳች። እኔ በካቡ ቀዳዳ አያት ነበር። ተክሌ እርሻ ሲወርድ የወፍጮውን መጅ በሁለት እጇ ይዛ ከራሷ በላይ ታነሳለች፤ ታወርዳለች፣ ደግማ ታነሳለች። ውሃ የጠጣ ባና ከሰው ይከብዳል፤ እሱን ትከሻዋ ላይ አውጥታ ጓሮውን ትዞራለች። ከዚያ መሬት ላይ ትጥለውና ላዩ ላይ ወድቃ ትታገለዋለች፣ ታንቀዋለች፣ ትገለብጠዋለች። ጾም ካልሆነ ለገበያ ካስቀመጠችው እንቁላል ሰብራ ጥሬውን ትውጣለች። አንድ ቀን አየችኝ።

«ምን ያስቆምሻል እዚያ?»

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ባና እያጠበቅሁ ነዋ!» አለች እያለከለከች። «ነይ፣ ጫፉን ያዥና ጎትቺኝ። ጠበቅ አድርገሽ! እንደምትጠዪው ሰው!»

ጎተትኩ። አንስታ ጭቃው ላይ ፈጠፈጠችኝና ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። የፊት ጥርስ የጎደለውን ሳቋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የገና ሰሞን፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዱላው ወረደ። በመዳፏ ቀለበችው፤ ጣቷ ተሰበረ፣ አልለቀቀችም። የተክሌን ወገብ አንቃ ጓሮ አውጥታ ጣለችው። የራሰውን ባና ላዩ ላይ ጠቅልላ ተቀመጠችበትና በገዛ ዱላው ትወርድበት ጀመር። ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው። አፍንጫው ደም በደም ሆነ።

«የጎረቤት ያለህ! ገደለችኝ!» አለ ተክሌ።

እሷ ስትጮህ አንድ ቀን እንኳ ያልተከፈተ በር ሁሉ ተከፈተ። አባቴም ዳዊቱን ጥሎ ሮጠ።

በማግስቱ አባቴ ያለባቸው ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰየሙ። ባሏ ላይ እጇን አንስታለችና ድንጋይ ተሸክማ እግሩ ላይ ትውደቅ ተባለ። ሌላ ጊዜ ለወጉ ያህል ትንሽ ድንጋይ ነው ማጅራት ላይ የሚደረገው። አባቴ ግን ትምህርት ይሁናት ብሎ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል አንከባሎ አመጣላት።

እትዬ የሺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የተሰበረ ጣቷን ሳትቆጥር ጎንበስ አለችና ድንጋዩን ከራሷ በላይ አነሳችው። እንደዚያ ይዛው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደተቀመጠው ባሏ ሄደች። ከፊቱ ስትቆም ድንጋዩ ከአናቱ በላይ ሆነ።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«ብያለሁ! ስለ እግዚአብሔር ብያለሁ!» ፊቱ አመድ መስሏል።

አልወረደም ድንጋዩ። ዞር ብላ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። «ስለ ልጄስ፣ ድንጋይ የሚሸከምልኝ ማነው?»

 አባቴ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እሷም ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ተክሌ ክንዱ ሲያገግም ወደ ዘመዶቹ አገር ወደ ራቤል ወጣ፤ አልተመለሰም። ድንጋዩ ግን ጓሮዋ ቀረ። ለትዳር የታጨች ልጅ ሁሉ እየመጣች ትታገለው ጀመር። እትዬ የሺ ባናዋን እየረገጠች፣ «በጉልበትሽ እንጂ በወገብሽ አይደለም፣ የኔ ልጅ!» እያለች ታርማለች።

እኔ ከራሴ በላይ ያነሳሁት ልዳር ስል ነው። ቀና ስል አባቴን ከካቡ ማዶ አየሁት። ዳዊቱን ብብቱ ስር ይዞ ቆሟል። አልገለጠውም። ድንጋዩን እስካወርደው ድረስ ቆሞ አየኝ።