አምስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት

በእጄ የጻፍኳት አንዲት ገጽ ወረቀት ጎረቤቴን ግማሽ ቤት አስከፈለቻት። እኔን ደግሞ ጎረቤቴን አሳጣችኝ፤ ሽምግልናዬንም አብራ ወሰደችው። ሽምግልናው እንኳ ይሂድ፤ ደክሞኝ ነበር።

ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አካባቢ ምስማርና ቆርቆሮ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ሱቄ ውስጥ ካርቦን ወረቀት አይጠፋም። መቀመጫም አለ፤ የምስማር ካርቶን ለሽማግሌ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ስለሚቆረቁር ነገር አያስረዝምም። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሽማግሌ ከእሱ ወገን፣ ሁለት ከእሷ፣ መሐል ላይ እኔ። ከታረቁ እሰየው። ካልታረቁ ንብረት አካፍለን፣ "ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት አይደሉም" ብለን እንፈርማለን። ድሮ ሕጉም ያውቀን ነበር፤ ሽማግሌ ያፋታው ተፋታ ነበር። በኋላ አዲስ የቤተሰብ ሕግ ወጣ፣ በሬዲዮም ተወራ። እኛ ስለ ሌላ ሰፈር የሚያወሩ መስሎን ቀጠልን።

ጎረቤቴ ካዛንቺስ ካለው መኖሪያ ቤቴ ጋር አጥር የምትጋራ ሴት ናት። የቤቷን የመንገድ በኩል ክፍል ምግብ ቤት አድርጋው፣ የቢሮ ሰው ለሽሮዋ ይሰለፍ ነበር። ባሏ የራሳቸውን ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። እነሱም በተራቸው ካርቶኔ ላይ ተቀመጡ። ሦስት እሁድ ለፋን፣ አልሆነም። ቤቱ ለእሷ፣ መኪናዋ ለእሱ ብለን ጻፍን። እሱ እየሳቀ ፈርሞ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሌላ ጎጆ ወጣ። እሷ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት ወጣት የሕግ መምህር ሱቄ መጣች።

"ጥናት ላይ ነኝ ጋሼ። ከአዲሱ ሕግ ወዲህ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚያፋቱ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ኩራት ተሰማኝ። የካርቦን ግልባጮቼን ዶሴ እንዳለ አወጣሁላት። አንብባ አንብባ ቀና አለች።

"እነዚህ ሰዎች ከዚህ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደዋል?"

"ለምን ይሄዳሉ? እኛ ጨርሰናል እኮ።"

"ማለቴ... ፍቺ የሚሰጠው አሁን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ስምምነቱ እዚያ ካልጸደቀ ዛሬም ባልና ሚስት ናቸው። እባክዎ ይንገሯቸው። ሁለቱም እሺ ካሉ ብዙም አያስቸግርም።"

"አንቺ ልጅ፣ ሕጉ እኛ ሰፈር እስኪደርስ እነሱ አርጅተው ያልቃሉ።"

ሳቀችና ጻፈችው። የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ለጎረቤቴ አልነገርኳትም። ልነግራት ሁለት ሦስቴ ምግብ ቤቷ ገብቼ፣ በልቼ ወጥቻለሁ። ምን ልበላት? ያፋታሁሽ አልተፋታሽም? ለእሷ ከነገርኩ ዶሴው ውስጥ ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። የተሸጠ ዕቃ የማልመልስ ነጋዴ ነኝ፤ ፍቺውንም እንደዚያው ያየሁት ይመስለኛል።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተባለ። ጎረቤቴ ካሳዋን ልትጠይቅ ክፍለ ከተማ ስትሄድ የፍቺ ማስረጃ አምጪ አሏት። ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥታ ሰጠች። ጸሐፊው ገልብጦ ጀርባውን አየ።

"የፍርድ ቤት ማህተሙስ?"

ወሬው መስቀል ፍላወር ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ባልየው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዞ የካሳውን ግማሽ ሊጠይቅ መጣ። መኪናዋን ሸጦ ከበላት ቆይቷል።

"አታፍርም አንተ? ፈርመህ አልነበር?" አልኩት።

"ፈርሜያለሁ ጋሼ። እናንተን ግን ማን ፈርሙ አላችሁ?"

ጎረቤቴን ይዤ ወደ መምህሯ ሄድኩ። ጥናቷ በአማርኛ ታትሞ ነበር፤ ሽማግሌ አፋትቷቸው ለየብቻ ዓመታት የኖሩ ሰዎችን ፍርድ ቤት እንደተፋቱ ይቁጠራቸው፣ አለዚያ የምትጎዳው ሴቲቱ ናት የሚል ነው። "ለጠበቃችሁ ይጠቅማል" ብላ አንድ ቅጂ ሰጠችን። ስንመለስ ኦሎምፒያ ታክሲ እየጠበቅን ጎረቤቴ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ታነብ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመና ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

"'አንድ ሰብሳቢ ሽማግሌ ውሳኔያቸው እንደማይጸና ሲነገራቸው፣ ሕጉ እኛ ሰፈር እስኪደርስ እነሱ አርጅተው ያልቃሉ ሲሉ መልሰዋል።'"

ስም የለበትም። አነጋገሬን ግን ስንት ዓመት ሽሮ ስታቀርብልኝ ሰምታዋለች።

"ጋሼ፣ ይሄን መቼ ነው የነገረችህ?"

"መኪናዋን ሳይሸጣት።"

"እሱ እሺ በሚልበት ጊዜ?"

"እሺ በሚልበት ጊዜ።"

ታክሲ መጣ። የአንድ ሰው ቦታ ነበረው፤ ገባች።

ችሎት ላይ ጠበቃዋ ጥናቱን ጠቅሶ ተከራከረ። ዳኛው ክርክሩ ጥሩ ነው አሉ፤ ሕጉ ግን ገና እዚያ አልደረሰም አሉ። መኪናዋ ድሮ ስም ሳይዛወር በውክልና የተገዛች ስለነበረች በባልየው ስም ፈልገው አጧት፤ ከጋራ ንብረት ሳትቆጠር ቀረች። ቤቱ በሁለቱም ስም ነበር። ከመወሰናቸው በፊት ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ተስማምታችሁ ብትጨርሱት ይሻላል። ሽማግሌ የላችሁም?"

ጎረቤቴ ዞራ እኔ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ አየች።

"ነበረን" አለች።

አልተስማሙም። ካሳው ለሁለት ተከፈለ። እሷ ከተማ ዳር ተከራይታ ሄደች፤ ምግብ ቤቱ አልተከፈተም። እኔ ዶሴዬን ታቅፌ የቀሩትን ባለጉዳዮቼን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዳንዶቹ ሰፈር ለቀዋል። አንዷ ሴትዮ በር ላይ አቁማ ሰማችኝና "አሁን ነው የምትነግረኝ?" ብላ ዘጋችው። ሱቅ መጥቶ ካርቶን ላይ የሚቀመጥ ከዚያ ወዲህ የለም።

ለእሱ መኪናና ግማሽ ቤት ደረሰው። ለእሷ ግማሽ ቤት። እኔ ጋ የቀረው የካርቦን ግልባጩ ነው።