ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ ፊት አልነበራትም

የእህቴ ሰርግ ላይ ቬሎው መጣ... እህቴ ግን አልመጣችም። ስክሪኑ ላይ ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነው። እኔ ያኔ ዮርድብሩ ያለ አንድ ወርክሾፕ እሠራ ነበር። አደባባይ ላይ የሚሰቀሉትን፣ በጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች የተሞሉትን ትልልቅ የቪዲዮ ስክሪኖች እንገጣጥማለን። እናቴ ደግሞ ያለቻት ሴት ልጅ እህቴ ብቻ ናት። «አዳራሹ መሀል ምሰሶ አለበት፤ ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ እንዲያያት እፈልጋለሁ» አለችኝ። አለቃዬን ለመንኩት፣ አንድ ስክሪን አዋሰኝ። ግን ላርስ አብሮ ይሄዳል አለ።

ላርስ የወርክሾፑ የቀለም ሰው ነው። እኔ እገጣጥማለሁ፣ እሱ ድምቀቱንና ቀለሙን ያስተካክላል። ስታናግሩት ራሱን ይነቀንቃል፣ አለቀ። እኔን ስላላመኑኝ ዘበኛ የላኩብኝ መሰለኝና ከጠዋቱ ጀምሮ አኩርፌ ነበር።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ። ካሜራማኑ የሚቀርፀው በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ስክሪኑ ግን ለአደባባይ ፀሐይ የተሠራ ስለሆነ ነጩ ቬሎ ዓይን ይወጋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ላርስን ቀንስልኝ አልኩት፣ ቀነሰው። ቬሎው ልክ ሆነ... የእህቴ ፊት ግን ጠፋ። ከአንገቷ በላይ ጥቁር ነገር ብቻ። ሙሽራውም ሸሚዝና ክራባት ሆኖ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ያለው አበባ እንኳን ፍንትው ብሎ ይታያል።

እናቴ ጠራችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄን ምን አደረጓት?» አለችኝ። ወደ ላርስ ዞርኩ።

ላርስ ኮምፒውተሩን ትቶ ተነሳ። መጀመሪያ መድረኩ ላይ የቆሙትን ዘማሪዎች አንድ በአንድ አፍጥጦ አያቸው። ቀጥሎ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ጠጋ ብሎ እህቴን ትክ ብሎ ያያት ጀመር... ፈገግታ የለ፣ ሰላምታ የለ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የእናቴ ወንድም ጋሽ ታፈሰ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ በቀላሉ ሰው አያምኑም።

«ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔም አልገባኝም ጋሼ።»

«ሆን ብሎ ነው። ቅድም እኮ ትታይ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ እሱ ባስተካከለው ስክሪን ላይ የፈረንጅ ፊት ተበላሽቶ አይቼ አላውቅም። የእኛ ተራ ሲደርስ ነው እንዴ የሚጠፋው? ጋሽ ታፈሰ ሄደው ከላርስ ወንበር ጀርባ ቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው። ጠብቁት ብሎ ያዘዛቸው ሰው የለም።

ላርስ ሲመለስ ያገኘው እሳቸውን ነው። አያቸው... አሁንም አያቸው። ከዚያ ካሜራማኑን በእጁ ጠርቶ ካሜራውን እሳቸው ላይ አስደገነ። ጋሽ ታፈሰ በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ። ላርስ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ረጅም ንግግር በስዊድንኛ አደረገ።

«ይቅርታ ጠይቅልኝ። ፊት የማስተካክለው ሁልጊዜ በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነው። የእናንተን ፊት ማስተካከል አላውቅበትም። ሙሽራዋን ተነሽና ቁሚልኝ ማለት አልችልም፣ እሳቸው ይቁሙልኝ።»

ለካ ኤልኢዲ ድምቀቱ የሚቀነሰው ቶሎ ቶሎ እያበሩ በማጥፋት ነው። በርቶ የሚቆይበት ጊዜ ሲያጥር ዓይናችን ደብዛዛ አድርጎ ያየዋል። የጠይም ፊት ጥላና ቡናማ ደግሞ ድሮውንም ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው የሚበራው። ሁሉንም አንድ ላይ ሲቀንሱት ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ጋሽ ታፈሰ እያጉረመረሙ ቆሙ። ላርስ ነጩን ለብቻው ዝቅ፣ ጨለም ያሉትን ከፍ፣ አረንጓዴውን ትንሽ ቀነስ እያደረገ፣ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እሳቸውን ያያል። መጀመሪያ ግንባራቸው ወጣ፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው፣ በመጨረሻ ጥርጣሬያቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ካሜራው ወደ እህቴ ዞረ። ጠይም ፊቷ ወዘናው ሳይቀር መጣ... ጉንጮቿ ግን በእንባ ርሰዋል። ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ስክሪኑን ፊት ለፊት እንደሚያይ ማናችንም ልብ አላልንም ነበር።

«እማዬ፣ ራሴን እዚያ ላይ ሳጣው ፈራሁ» አለች እህቴ። «አሁን መጣሁ።»

እናቴ አቅፋ እንባዋን ጠረገችላት። ላርስን ሄጄ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ስመለስ ግን እናቴ ቀና ብላ ሙሽራውን በዓይኗ ይዛዋለች።

«አንተ ግን የሚያስለቅስ ነገር አላልካትም አይደል?»

ላርስ ነፃ ወጣ... ጥርጣሬው ግን ከአዳራሹ አልወጣም፣ ወደ አማቻችን ተዛወረ እንጂ።