የኋላው ወንበር

የመኪና ወንበር ሰፊዋን ጋራዡ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚላት። የተቀደደ ሲመጣላት ጎንበስ ብላ ትመረምራለች፣ መርፌ ትመርጣለች፣ ከዚያ መስፋት ነው። አፉ የማያርፈው ባለ ላሜራ ደግሞ እስካሁን አንድም በሽተኛ ሞቶባት አያውቅም እያለ ያስቃል። መርፌ የያዘችው በልጅነቷ ነው። ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ትዳሩ ሄደ፣ መርፌው ግን ከእጇ አልወረደም። ተጫዋች ናት፣ ሳቋ ከግቢው ውጭ ይሰማል። በሆዷ ይዛው የኖረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ያቺ ጥቁር አሮጌ መኪና ተጎትታ ጋራዥ የገባች ቀን ተነሳባት።

መኪናዋን እንዴት አታውቃት! አባቷ ጉልበታቸውን የጨረሱት የእሷን መሪ ሲያዞሩ ነው፤ የአንድ ሀብታም ሰው ሾፌር ነበሩ። ሰውዬው ሲሞቱ መኪናዋ አንድ ጓሮ ተጥላ ዛገች። አሁን አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ገዝቷት፣ እንደ ጥንቷ አድርጉልኝ ብሎ አመጣት። ሞተሯ ወጥቶ ሌላ ሠራተኛ ዘንድ ሄዷል፣ ጎማዋ ወልቆ በግንድ ላይ ተቀምጣለች። ለዶክተር የደረሳት ወንበሩ ነው።

የኋላውን ወንበር ሞላ አውጥታ ቀየረች፣ አዲስ ቆዳ ቆረጠች፣ ውስጥ ገብታ በእጇ ሰፋች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጋራዡ ጣሪያ ላስቲክ አልፋ ስትገባ ቢጫ ትሆናለች፤ አቧራው ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ የቆዳው ሽታ ያፈዛል። ያኔ የት እንዳለች ይጠፋታል። መርፌው ይወጣል፣ ይገባል፣ መኪናዋም የምትሄድ ይመስላታል። የምትሄደው ሁልጊዜ ወደዚያው መንገድ ነው።

ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው፣ ዝናብ። ደብተሯን ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ጥቁሯ መኪና ከኋላ መጣች። ከአባቷ በቀር ማንም አልነበረባትም። ልጅቱ ቆማ እጇን አነሳች። መኪናዋ አለፈች።

ማታ አባቷ ምንም አላሉ፣ እሷም አልጠየቀችም። መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ነው፣ አላዩኝም፣ አለች ለራሷ። ይህንኑ እያለች አደገች፣ ወለደች፣ ሸበተች። ብትጠይቅ ትገላገል ነበር፤ ግን አይቼሻለሁ ቢሏትስ? ሰው መቼም ጉድ ነው፣ እሾኩን ከማስነቀል ከነእሾኩ ማነከስ ይቀለዋል።

መኪናዋ በማግስቱ ተጭና ሞተሯ ወዳለበት ልትወሰድ ሆነ። ዛሬ ካልጠየቀች መቼም እንደማትጠይቅ ገባት። ሄዳ አባቷን ደግፋ አመጣቻቸው። ባለ ላሜራው እንኳን ምን እንደታየው እንጃ፣ ሌሎቹን አስከትሎ ለምሳ ወጣ።

አባቷ መኪናዋን ዞሯት። በሩን ዳሰሱት፣ ጣሪያውን መታ መታ አደረጉት፣ እንዴት ነሽ አሏት። እኔን ሳይጠይቁ እሷን፣ ብላ ልጃቸው ቀለደችባቸው። ሳቁ። እሷ ግን ሳቋን አልጨረሰችውም።

«አባባ፣ ያኔ ትንሽ ሆኜ፣ በዝናብ ያለፉኝ ቀን… መስታወቱ ጭጋግ ነበር አይደል? አላዩኝም?»

ማምለጫውን ራሷ አዘጋጅታ ሰጠቻቸው። አዎ ቢሉ ያልቅ ነበር። አባቷ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«አይቼሻለሁ» አሉ። «እግርሽ ጭቃ ነበር። ወንበሩ ቢቆሽሽ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አለቅሳለሁ ብላ ነበር፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። ለዚህ ወንበር! ስንት ቀን አጎንብሳ የሰፋችውን በምላጭ ልትተለትለው ምንም አልቀራትም። ንዴቷን ዋጥ ስታደርግ፣ አባቷ የኋላውን በር ከፍተው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው በሩ ላይ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ፣ ልክ ለጌታቸው እንደሚያደርጉት። ማንን እንደሚጠብቁ ወዲያው አልገባትም።

«ግቢ» አሉ።

«አባባ፣ ልብሴ እኮ ዘይት ነው፣ ጫማዬም—»

«ከነጫማሽ ግቢ፣ ልጄ።»

ሰው በጣቱ እንዳይነካው ስትቆጣ የከረመችበት ቆዳ ላይ ከነዘይቷ ተቀመጠች። አባቷ በሩን በቀስታ ዘጉላት። ኮፈኑን ተደግፈው ዞሩ፣ እያቃሰቱ ገቡ፣ መሪውን ያዙ።

«ወዴት ላድርስሽ?»

እግሮቿን ሰብስባ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ትምህርት ቤት» አለች።

አባቷ ግራ ቀኙን አዩና መንዳት ጀመሩ።