የባሌ ጥላ በእኔ ጫማ

ልጆቹ «እማማ፣ ያንን የጥላውን ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ያን ሰሞን ከራቤል ተነሥቼ መሐል ሜዳ የልጅ ልጄ ዘንድ ሰንብቻለሁ። የሒሳብ መምህርነት ትማራለች፤ ለልምምድ እያስተማረች ነበር። አንድ ቀን ደብተሯን ወርውራ አቀረቀረች።

«ምነው?»

«ሰኞ አሠልጣኜ ሊያየኝ ይመጣል። ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ካላመጣሽ አላሳልፍሽም ብሎኛል። መጽሐፉን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ከራሴ ግን ምንም አይመጣልኝም።»

«ከራስሽ ካልመጣ ከእኔ ውሰጂ» አልኳትና ነገርኳት።

ሙሽራ ሳለሁ፣ በሁዳዴ፣ አማቴ ሰዓቱን ለክቼ እንድመጣ ላኩኝ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የጥላውን ጫፍ ያይና በገዛ እግሩ ጫማ ይለካዋል፤ በዚያ ወር ሰባት ጫማ ከሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ይበላል። የእኔ ጥላ አብሮኝ እየተራመደ አስቸገረኝ። ባሌ ደጅ ቆሟል፤ እሱ ረጅም፣ እኔ ድንክ። «ንቅንቅ እንዳትል!» ብዬ የእሱን ጥላ በእኔ ጫማ ለካሁት። ሰባት! ማዕድ ቀረበ፣ ተበላ። እጃችንን ስንታጠብ ገና የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ባሌማ «ሚስቴ ፀሐይን አስሮጠቻት» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሳቀብኝ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ቆይ እማማ፣ ረጅሙም አጭሩም በየራሱ ጫማ ሲለካ ቁጥሩ አንድ ነው?»

«አንድ ባይሆን ማን ከማን ጋር ይበላ ነበር?»

«ለምን አንድ ሆነ?»

«እሱን አንቺ ድረሺበት።»

ጫማዬን አወለቀችና እኔን መደብ ላይ አጋድማ በገዛ ጫማዬ ለካችኝ።

«ለመቃብር ነው እንዴ?» አልኳት።

«ሰባት ሊሞላ ምንም አልቀረዎትም! እኔም በጫማዬ እንደዚሁ ነኝ። እንግዲያ ጥላችን ሰባት ሲሞላ ከቁመታችን እኩል ነው። በዚያች ሰዓት የዛፉም ጥላ የዛፉን ቁመት ያህላል!»

ሰኞ ተማሪዎቿን ደጅ አወጣች። መጀመሪያ የጾሙን ስሕተት ነግራ «የቱ ጋ ተሳሳተች?» አለቻቸው። ቀጥላ ግቢው ውስጥ ያለውን የጽድ ዛፍ ሳይወጡበት ቁመቱን እንዲያገኙ ጠየቀቻቸው። አሠልጣኙም ጫማውን አውልቆ ጥላውን ለካ አሉ። አለፈች። እኔም ማለፏን አልተጠራጠርኩም ነበር።

ያን ዕለት ከተማሩት አንዷ ዛሬ ራሷ መምህርት ናት። ከዓመታት በኋላ ወደ ጓሳ ስሄድ መንገድ ላይ አግኝታ ነገረችኝ። ያን ዕለት ተማሪዎቹ «ጾሙን ያስፈረሰችው ማን ናት?» ብለው ቢጠይቋት፣ የልጅ ልጄ «እኔ ነኝ» ብላቸው ኖሯል።