የመኪናዬ ነውር

ነገሩ የተፈጸመው አምና፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። በዕድሜዬ አንድ ነገር እንዲበላሽልኝ አጥብቄ የተመኘሁት በዚያ ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፣ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ብዙ አገር ያዳረሰች አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ፣ አድሼ ለመሸጥ ተነሣሁ። ባለቤቴ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆማ ስታያት፣ «ጡረተኛ ከጡረተኛ ተገናኘ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ከአንድ መካኒክ ጋር ሞተሯን አውርደን አደስን፤ ፍሬኗን በአዲስ ተካን፤ ዝገቷን ፍቀን ቀለም ቀባን። መካኒኩ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ወደ ኋላ እንመልሰው ቢለኝ እምቢ አልሁ። ስንት ዘመን በፊርማዬ የታመንሁ ሰው በቆጣሪ አልዋሽም።

መስከረም ጠብቶ ጥቂት እንደ ቆየ፣ አንዲት የእህል ነጋዴ ከወገዳ ሊገዙ መጡ። ራሳቸው ይነዳሉ። የእድሳቱን ሥራ በቅደም ተከተል ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ጋሼ፣ የሠሩትን አልጠየቅሁም። ነውሯን ይንገሩኝ።»

በአገራችን በሬ የሚሸጥ ሰው፣ በሬው ይዋጋ እንደሆነ፣ ቀንበር ላይ ይተኛ እንደሆነ ሳይደብቅ ይናገራል። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ።

«ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሿ በራሱ ዘሎ ይወጣል። መለዋወጫው አልተገኘም። ሌላ ነውር የላትም።»

«እናየዋለን» ብለው መሪውን ያዙ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያውን ቁልቁለት ወረድን፤ ማርሹ አልዘለለም። ሁለተኛውንም ወረድን፤ ዝም። በዚያ ኮረኮንች ላይ እንደ ደህና በቅሎ ረግታ ትወርዳለች። በሌላ ቀን ቢሆን በኮራሁባት ነበር።

ወይዘሮዋ ዳር ይዘው አቆሙ።

«ይዋጋል ብሎ የማይዋጋ በሬ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ትንሹን ነውር ፈጥረው የነገሩኝ ትልቁን ሊሸፍኑ ነው?»

«ኧረ ወይዘሮ፣ እኔ…»

«ሞተሩ ነው? ይናገሩ እንጂ።»

ያስጨነቀኝ መኪናዋ ሳትሸጥ መቅረቷ አልነበረም፤ ስሜ ወገዳ ገበያ ላይ በውሸታምነት ሊነሣ መሆኑ ነው እንጂ። አንድ ቁልቁለት ብቻ እንጨምር ብዬ ለመንኋቸው። ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ነዱ። ድንግል ሆይ፣ ዛሬን ብቻ ይዝለል እያልሁ በሆዴ ስማጸን፣ ዓይኔ ቀኝ እጃቸው ላይ ዐረፈ። ማርሹን በልማድ፣ እንደ ዕርፍ ጨምድደው ይዘውታል። በምን ይዝለል?

«እጅዎን ያንሡልኝ!»

ደንግጠው አነሡ። ቋ አለና ማርሹ ወጣ፤ መኪናዋ ቁልቁል ተለቀቀች።

«ዘለለ! ይኸው ዘለለ!» ብዬ ጮኽሁ። የሹመት ደብዳቤ ሲደርሰኝ እንኳ እንዲያ አልጮኽሁም።

ወይዘሮዋ ፍሬን ይዘው ካቆሙ በኋላ፣ ከሣቃቸው ብዛት መሪው ላይ ተደፉ። «አቤት ጋሼ፣ የዕቃው ነውር ሲገለጥ እልል የሚል ሻጭ! በሉ እንመለስና እንዋዋል።»

ቤቴ ቁልቁለት ላይ ነው። ያቺ ፒክአፕ ዛሬም ገብስ ጭና በደጄ ታልፋለች። ወይዘሮዋ ታዲያ ሰላም የሚሉኝ የግራ እጃቸውን ጣቶች ከመሪው ላይ ብድግ አድርገው ነው፤ ቀኛቸው ማርሹን አይለቅም። በግራ እጅ ሰላምታ መስጠት በአገራችን ነውር ነው። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እቀበለዋለሁ።